አገዳ ወደ ነዳጅ፦ የወሎ ሒሳብ

ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ ከታጨደ በኋላ የሚጣል ነገር ብትፈልጉ አታገኙም። ቅጠሉና ለስላሳው አገዳ ለከብት ነው። ወፍራሙ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ቀሪው አጥር ይሆናል። ስለዚህ አገዳን ነዳጅ ላድርግ የሚል ባለሀብት መጀመሪያ ከበሬ ጋር መጫረት አለበት። ዝናብ በቀረበት ዓመት ደግሞ በሬው ያሸንፋል። ማሸነፍም አለበት።

ቀጥሎ ጭነት አለ። አንድ ኪሎ ደረቅ አገዳ 15 ሜጋጁል አካባቢ ኃይል ሲይዝ፣ ናፍጣ 43 ገደማ ይይዛል። አገዳ ቦታ ይፈጃል እንጂ አይከብድም። አይሱዙው እስከ አፉ ቢሞላም ገና አቅሙን አልጫነም፤ ናፍጣውን ግን ያቃጥላል። ሜዳው ላይ ይሁን እንበል። የደላንታና የመቅደላ ገደል ላይ ግን ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል።

በመኪና ነዳጅነት የሚያገለግለው አልኮል፣ ኢታኖልስ? በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር፣ ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው። ሞላሰስ ከስኳር ምርት የሚተርፍ ወፍራም ጣፋጭ ዝልግልግ ነው፤ ስኳሩ የተዘጋጀ፣ እዚያው ግቢ የተጠራቀመ ነው። የአገዳን ሴሉሎስ፣ ማለትም ጭረቱን፣ ወደ ስኳር ለመቀየር ግን ሙቀት፣ ኬሚካልና ኢንዛይም ይፈልጋል። ማምረቻው ውድ ስለሆነ በብዛት ካላመረተ አያዋጣም። በብዛት ለማምረት ደግሞ ከሩቅ መጫን ነው። ጥንቅሽ ይሻላል፤ ጭማቂው በቀጥታ ይብላላል። ችግሩ ከተቆረጠ ብዙ አይቆይም፤ ወቅቱ ሲያልፍ ማሽኑ ሥራ ይፈታል። ደግሞ ወሎ ውስጥ ጥንቅሽ አይቶ ሳያላምጥ የሚያልፍ ማን አለ?

ባቲ አካባቢ ጃትሮፋ የተባለው ቁጥቋጦ የማሳ አጥር ነው። መርዛማ ስለሆነ ፍየል አትደፍረውም፤ አፈርም ይይዛል። ከዘሩ ክብደት ሲሶ ያህሉ ለነዳጅ የሚሆን ዘይት ነው። ነገር ግን በእጅ ስለሚለቀም የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ትርፉን ይበላዋል። በአጥርነቱ ያዋጣል፤ ለብቻው መሬት ይሰጠው ከተባለ ግን አይመስለኝም።

እስካሁን ገበያ ያለው ከሰል ነው። በባህላዊው ጉድጓድ የእንጨቱ አብዛኛው ኃይል ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ለማጓጓዝ ግን ከእንጨት ይቀላል፣ የዛፉንም ዋጋ ማንም አይጠይቅም። የሚረክሰው በዚህ ነው።

ለገበሬው የሚቀርበው ባዮጋዝ ይመስለኛል። ኩበት ቢነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። እበቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ግን ጋዙ ምድጃ ላይ ይነዳል፣ ዝቃጩ ማሳ ይገባል። የሚጫን ነገር የለም። አራት ያህል ከብትና የእበቱን ያህል ውኃ በየቀኑ ይፈልጋል። ግንባታው አንድ ጊዜ ነው፤ ውኃው ግን የየዕለት ወጪ ነው። ቆላ ላይ ውኃ በአህያ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤት የጋዙ ዋጋ የሚሰላው በጄሪካን ነው።