«ኀምሳ ቀናት በኢሊያም»፦ የትሮይ ጦርነት በሳይ ቱዎምብሊ ሸራዎች

«ኀምሳ ቀናት በኢሊያም» አሜሪካዊው ሠዓሊ ሳይ ቱዎምብሊ (1928–2011 እ.ኤ.አ.) የጥንቱን ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜርን የትሮይ ጦርነት ግጥም «ኢሊያድ»ን መነሻ አድርጎ በ1977 እና በ1978 የሠራቸው፣ በአሥር ትላልቅ ሸራዎች የተከፈለ አንድ ረቂቅ ሥራ ነው። በዘይት ቀለም፣ በዘይት ክሬዮንና በእርሳስ የተሠሩት ሥዕሎች ከ1989 ጀምሮ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ።

በቨርጂኒያ የተወለደው ቱዎምብሊ በወጣትነቱ በአሜሪካ ጦር የምስጢር ጽሕፈት ባለሙያ ሆኖ ሲያገለግል፣ ሌሊት በጨለማ እየሣለ እጁን ከዓይኑ ቁጥጥር ለማላቀቅ ይሞክር ነበር። በ1957 ወደ ጣሊያን ሄዶ በዚያው ኑሮውን መሠረተ። የትሮይን ሥዕሎች የሠራው ከሮም በስተሰሜን በምትገኘው ባሳኖ ኢን ቴቬሪና ሲሆን፣ በእጁ የነበረው «ኢሊያድ» እንግሊዛዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ቅጂ ነው።

ርዕሱ ራሱ የሥዕሉ አካል ነው። የትሮይ ከተማ ሌላ ስም በትክክል ሲጻፍ «ኢሊየም» መሆኑን ሠዓሊው ያውቅ ነበር፤ ሆኖም «ኤ» (A) የተባለችው የላቲን ፊደል ለእርሱ የግሪኮቹ ጀግና የአኪሊስ ፊደል ስለነበረች አውቆ አስገባት። «ኀምሳ ቀናት» መባሉም ሆሜር ከአሥሩ የጦርነት ዓመታት የሚተርከው ወደ ኀምሳ የሚጠጉ ቀናትን ብቻ በመሆኑ ነው። ከእነዚህም ውስጥ የአማልክቱ አለቃ ዜውስ «ኢትዮጵያውያን» ተብለው ወደ ተጠሩት፣ በምድር ዳርቻ ወደሚኖሩት ሕዝቦች ለግብዣ ሄዶ የቆየባቸው ቀናት እንደሚገኙ ማስታወሱ ለእኛ አንባቢዎች ደስ ያሰኛል።

በሸራዎቹ ላይ ሰው፣ ፈረስም ሆነ ግንብ አይታይም። ጀግኖቹ የሚቆሙት በስማቸው ነው፤ ስሞቹም በተንቀጠቀጠ እጅ ተጽፈው፣ አንዳንዴም ተሰርዘው ወይም በነጭ ቀለም ተሸፍነው ይታያሉ። ይህን የልጅ ሙንጭርጭር ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን «የአኪሊስ በቀል» በተባለው፣ ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ በሆነው ሸራ ፊት የቆመ ሰው ንግግሩን ሊለውጥ ይችላል፤ ያችው «ኤ» ፊደል እንደ ጦር ሹል ወደ ላይ ትወጣለች፣ ጫፏም በቀይ ቀለም ተነክሯል። ወዳጁን ፓትሮክሎስን ያጣው የአኪሊስ ቁጣ ፊት ሳይሣልለት፣ በእጁ ግፊትና በመስመሩ ፍጥነት ብቻ ይሰማል።

የአኪሊስ ጋሻ ለብቻው በመግቢያው ክፍል ተሰቅሏል። በዋናው ክፍል የግሪኮቹ ሸራዎች በአንድ ወገን፣ የትሮይ ሰዎች ደግሞ በሌላው ወገን ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በግሪኮቹ በኩል ቀዩ ሲያይል፣ በትሮዮቹ በኩል ሰማያዊውና ግራጫው ይበረታል።

በሁለቱ መካከል የአኪሊስ፣ የፓትሮክሎስና የትሮዩ ጀግና የሄክቶር ጥላዎች ጎን ለጎን ተሥለዋል። ከሦስቱ በግጥሙ ውስጥ የሚሞቱት ፓትሮክሎስና ሄክቶር ብቻ ናቸው። አኪሊስ ግን ከሄክቶር በኋላ የእርሱ ተራ መሆኑን ከእናቱ ሰምቷል፤ ቱዎምብሊም በሕይወት ያለውን ሰው ከሁለቱ ሙታን ጋር በአንድ ሸራ አሰለፈው።