ሚላን ላብ፦ የኤሲ ሚላን የሕክምና፣ የአካል ብቃትና የጉዳት ማገገሚያ ማዕከል

ሚላን ላብ የጣሊያኑ ኤሲ ሚላን በ2002 ያቋቋመው የስፖርት ሕክምና፣ የአካል ብቃት ክትትልና የጉዳት ማገገሚያ ማዕከል ነው። መቀመጫው ከሚላን ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቫሬዜ አውራጃ በሚገኘው የሚላኔሎ የልምምድ ሥፍራ ነው። በአገራችን የስፖርት ዘገባ «የቡድኑ ወጌሻ» የምንለው፣ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠው ባለሙያ፣ በብዙ ክለቦች ዘንድ ለረጅም ዘመን ከሐኪሙ ቀጥሎ የሕክምናው ክፍል ዋና ሰው ነበር። ሚላን ላብ ይህን ሰው አላስወጣውም፤ ከሐኪሙ፣ ከአካል ብቃት አሰልጣኙ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያውና ከመረጃ ተንታኙ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀምጦ ሁሉም ስለ አንድ ተጫዋች አንድ መዝገብ እንዲያነቡ አደረገ። የማዕከሉ ታሪካዊ ሥፍራም ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀደምት ታሪክ

ሚላኔሎ በክለቡ ፕሬዚዳንት በአንድሬያ ሪዞሊ ዘመን፣ በ1963 ተከፈተ። 160,000 ካሬ ሜትር የሚሰፋና የጥድ ደን ያለበት ግቢ ሲሆን፣ ደኑ ከጉዳት የሚያገግሙ ተጫዋቾች ቀስ ብለው ሩጫ የሚጀምሩበት ሥፍራ ሆኖ ኖሯል። በዋና አሰልጣኙ በአሪጎ ሳኪ ዘመን የአካል ብቃት አሰልጣኝ የነበረው ቪንቼንዞ ፒንኮሊኒ ለዚያ ቡድን ያለ ዕረፍት የመጫን አጨዋወት አቅም የሆነውን ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ ዘመን በሚላን ደጋፊ ልብ ውስጥ ሳይሽር የቀረው ግን የማርኮ ቫን ባስተን ቁርጭምጭሚት ነው። በ1988፣ በ1989 እና በ1992 የዓመቱ የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ይህ አጥቂ በታኅሣሥ 1992 በስዊዘርላንድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በሚያዝያ 1993 ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በግንቦት 26 ቀን 1993 ሙኒክ ላይ በማርሴይ 1 ለ 0 በተሸነፉበት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመጨረሻ የውድድር ጨዋታውን አደረገ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ቀዶ ሕክምናና ሌላ ማገገሚያ ተሞክሮ ቁርጭምጭሚቱ እንቢ አለ። በነሐሴ 1995፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ጫማ መስቀሉን አስታውቆ የልምምድ ልብስ ሳይሆን የዘወትር ልብሱን ለብሶ ሳን ሲሮን በእጁ እያጨበጨበ ዞረ። አሰልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ በመቀመጫው ላይ ሆኖ ሲያለቅስ በቴሌቪዥን ታይቷል። ክለቡ በጊዜው የነበሩትን የታወቁ የአጥንት ሐኪሞች ሁሉ እንዳንኳኳ ማንም አይክድም፤ የጎደለው ጉዳቱ ከመባባሱ በፊት የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ነበር ለማለት ይቻላል።

ለሚላን ላብ መቋቋም የቅርብ ምክንያት ተደርጎ የሚነገረው ግን የፈርናንዶ ሬዶንዶ ታሪክ ነው። አርጀንቲናዊው አማካይ ከሪያል ማድሪድ ጋር ሻምፒዮንስ ሊግን ባነሳበት በ2000 ክረምት በከፍተኛ ዋጋ ተገዝቶ ሚላኔሎ ገባ፤ በመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቀናትም በመሮጫ ማሽን ላይ እያለ ጉልበቱ ተጎዳ። ሳይጫወት ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። በዚህ ጊዜ ሬዶንዶ ያደረገው በእግር ኳስ ታሪክ ከስንት አንድ የሚገኝ ነው፦ ላልሠራሁበት አልቀበልም ብሎ ደመወዙ እንዲቆም ጠየቀ፤ የተሰጠውን ቤትና መኪና ለመመለስም ፈልጎ ነበር። እስከ 2004 በቆየባቸው አራት ዓመታት ለሚላን የተሰለፈባቸው የሊግ ጨዋታዎች ከ20 አይበልጡም። ከሪያል ማድሪድ የወጣ ተጫዋች በማሽን ላይ ሲሮጥ የሚበጠስ ከሆነ፣ ሰውነቱ ከፊርማው በፊት ምን እያለ ነበር የሚለው ጥያቄ ለክለቡ አመራር የገንዘብም የክብርም ጥያቄ ሆነ።

ምሥረታና አሠራር

ማዕከሉን ያደራጀው ዣን ፒየር ሜርሰማን የተባለ ቤልጅየማዊ ካይሮፕራክተር ነው፤ ይህ ሙያ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክም ነው። የአካል ብቃቱን ዘርፍ ዳንኤሌ ቶኛቺኒ፣ የሥነ ልቦናውን ዘርፍ ብሩኖ ደሚኬሊስ መሩት። ሜርሰማን ሰውነትን በሦስት ወገን የሚያይ ነበር፦ አጥንት፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ አንድ፤ ደም፣ ምግብና ሆርሞን ሁለት፤ አእምሮ ሦስት። አንዱ ሲናጋ ሌሎቹም ስለሚናጉ፣ የቋንጃ ጡንቻ መሸማቀቅ ምንጩ ከቋንጃው ውጭ ሊሆን ይችላል ብሎ ያምን ነበር።

በተግባርም ተጫዋቹ በየጊዜው ተመሳሳይ ፈተናዎችን ያልፋል። በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ይዘላል፤ መሣሪያው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ዘለለ ብቻ ሳይሆን በየትኛው እግሩ ይበልጥ እንደ ገፋና ሲያርፍ ክብደቱን ወዴት እንደ ጣለ ይመዘግባል። ደሙ ይመረመራል፣ የመገጣጠሚያዎቹ እንቅስቃሴ ይለካል፣ የአከርካሪው አቋም ይታያል። የተሰበሰበው ሁሉ ከተጫዋቹ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር በኮምፒዩተር ይነጻጸራል፤ ከመስመሩ የወጣ ነገር ሲታይ ልምምዱ ይቀልለታል ወይም ለሕክምና ይጠራል። ከአንድ ዝላይ ብቻ በመነሣት ተጫዋቹ ሊጎዳ መሆን አለመሆኑን 70 በመቶ ያህል በትክክል መተንበይ እንደሚችሉ የማዕከሉ ሰዎች ተናግረዋል። ዛሬ ተራ የሚመስለው ይህ አሠራር በ2002 ተራ አልነበረም፤ በልብስ ሥር የሚለበሱ የመከታተያ መሣሪያዎች በይፋ ጨዋታ ላይ የተፈቀዱት እንኳ በ2015 ነው።

«ማይንድ ሩም» የተባለው የአእምሮ ክፍልም የዚሁ አካል ነበር። ተጫዋቾች በተጋደሙ ወንበሮች ላይ ሆነው የልብ ምታቸው፣ ትንፋሻቸውና የጡንቻቸው ውጥረት በመሣሪያ እየተነበበ ሰውነታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ማረጋጋት ይለማመዱ ነበር።

ከ2003 እስከ 2007

የማዕከሉ ወርቃማ ዘመን ይህ ነው። ሚላን በግንቦት 2003 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ጁቬንቱስን በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 2 ረትቶ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2004 የጣሊያንን አንደኛ ሊግ ሴሪ አን አነሣ፣ በ2005 ለኢስታንቡሉ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፣ በግንቦት 23 ቀን 2007 አቴንስ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ሰባተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ወሰደ።

የአቴንሱን አሰላለፍ ዕድሜ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። አምበሉ ፓኦሎ ማልዲኒ 38፣ ዲዳና ሁለቱን ግቦች ያስቆጠረው ፊሊፖ ኢንዛጊ 33፣ ኔስታና ሴዶርፍ 31፣ ኦዶና ያንኩሎቭስኪ 30፣ ጋቱዞና አምብሮዚኒ 29፣ ፒርሎ 28 ነበሩ። ከ28 ዓመት በታች የነበረው የ25 ዓመቱ ካካ ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ቡድን ረጅሙን የውድድር ዘመን ጨርሶ በግንቦት መጨረሻ እንዲህ መቆሙ በዕድል ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ከዚያ ጨዋታ አራት ቀን አስቀድሞ አሌሳንድሮ ኮስታኩርታ በ41 ዓመቱ ኡዲኔዜ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ በሴሪ አ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ግብ አግቢ ሆነ። ማልዲኒም እስከ 2009፣ 41 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት እስኪቀሩት ድረስ ተጫውቷል።

አከራካሪ ነጥቦች

ማዕከሉ ከግጭት ውጭ የሚደርሱ ጉዳቶችን ወደ 90 በመቶ ገደማ እንደ ቀነሰ በኃላፊዎቹ ተነግሯል። ቁጥሩ የወጣው ከማዕከሉ ከራሱ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱን ያለ ጥርጥር በጎ ብሎ፣ መጠኑን ግን በጥንቃቄ መያዝ ተገቢ ነው። ለማነጻጸር፣ በስዊድናዊው ፕሮፌሰር ያን ኤክስትራንድ መሪነት ከ2001 ጀምሮ የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን የሚከታተለው የዩኤፋ ጥናት፣ 25 ተጫዋቾች ያሉት ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 50 ያህል ጉዳት እንደሚጠብቀው አሳይቷል። በዚሁ ጥናት የቋንጃ ጡንቻ ጉዳት በመጀመሪያው ዘመን ከጉዳቶች ሁሉ 12 በመቶ የነበረው በ2021/22 ወደ 24 በመቶ አድጓል። መሣሪያው ሲበዛ ጉዳቱ አብሮ መጨመሩ ለመላው እግር ኳስ ከባድ ጥያቄ ነው። ተጫዋቹ ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚወርድበት የኖርዲክ እንቅስቃሴ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ የቋንጃን ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል፤ እንዲያም ሆኖ ብዙ ቡድኖች በወጉ አይሠሩትም።

ሁለተኛው ክርክር የጥርስ ነው። ሜርሰማን የጥርስ አገጣጠም ሲዛባ የመንጋጋ፣ የአንገትና የአከርካሪ ሚዛን ተዛብቶ እስከ ታችኛው ጡንቻ ይደርሳል የሚል እምነት ነበረው። በ2009 ፈረንሳዊው ተከላካይ አሊ ሲሶኮ ከፖርቶ ሊዛወር ዋጋው ሁሉ ከተስማማ በኋላ ዝውውሩ በጥርስ ምክንያት ፈረሰ። ሲሶኮ በዚያው ክረምት ሊዮን ገብቶ ለብዙ ዓመታት በተለያዩ ክለቦች ተጫውቷል። በዚህ ጉዳይ ማዕከሉ ተሳስቷል።

የብራዚላዊው ሮናልዶ ጉዳይ ደግሞ በማዕከሉ በኩል የሚቆጠር ነው። በጥር 2007 ሚላን ከገባ በኋላ የታይሮይድ ዕጢው ሆርሞን አነስተኛ እንደሆነ በምርመራ ተገኘ፤ ተጫዋቹ ይህን ለሕዝብ የገለጸው በ2011 ጫማውን ሲሰቅል ነው። ሰውነቱ ከብዶታል እየተባለ ለዓመታት የተሣቀበት ሰው በሽተኛ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ በአበረታች ንጥረ ነገርነት እንዳይቆጠርበት እንዳልወሰደው ተናግሯል፤ ይሁን እንጂ የታይሮይድ ሆርሞን በዓለም አቀፉ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም።

ከ2008 በኋላ

በየካቲት 2008 የሮናልዶ የግራ ጉልበት ጅማት ተበጠሰ። በመጋቢት 2010 ከኪዬቮ ጋር በነበረው ጨዋታ የዴቪድ ቤካም የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ የዓለም ዋንጫ አመለጠው። አሌሻንድሬ ፓቶ በተደጋጋሚ የጡንቻ ጉዳት ተዳክሞ በጥር 2013 ወደ ብራዚል ተመለሰ። በጥቅምት 2011 መጨረሻ አንቶኒዮ ካሳኖ ከሮም መልስ ድንገት ታመመ፤ ልቡ ላይ የነበረች ትንሽ ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና ተደፍና በሚያዝያ 2012 ዳግም ተጫወተ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ክለቡም ማዕከሉም የደበዘዙበት ዘመን ነው።

በጥር 2020 በ38 ዓመቱ የተመለሰው ዝላታን ኢብራሂሞቪች ግን የማገገሚያውን ሥራ እንደገና ወደ መድረክ አመጣው። ሚላን በ2022 ከ11 ዓመት በኋላ ሴሪ አን ሲያሸንፍ የግራ ጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ስድስት ወር ያለዚያ ጅማት እንደ ቆየ፣ በእነዚህ ወራት ከ20 በላይ መርፌ እንደ ወሰደ፣ በየሳምንቱ ከጉልበቱ ፈሳሽ ይቀዳለት እንደ ነበረ፣ በየዕለቱም የሕመም ማስታገሻ ይውጥ እንደ ነበረ ራሱ ገልጿል። ይህ የሚያኮራ ጽናት ነው፤ ለወጣት ተጫዋች ግን በምንም ዓይነት በአርአያነት የሚቀርብ አሠራር አይደለም፤ ጅማት በሌለው ጉልበት በተጫወተ ቁጥር የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ይጎዳልና። ዋንጫው ከተነሣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በግንቦት 25 ቀን 2022 ሊዮን ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በሚላኔሎ ወራት የፈጀ ማገገሚያ ጨርሶም በየካቲት 2023 ወደ ሜዳ ተመለሰ። በመጋቢት 18 ቀን 2023፣ በ41 ዓመት ከ166 ቀኑ፣ የኮስታኩርታን የ16 ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ያውም በዚያው ማልያ፣ በዚያው በኡዲኔዜ ላይ፣ እንደ ኮስታኩርታም በፍጹም ቅጣት ምት።