ትንሿን ሲንተሳይዘር ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩዋት

ጠረጴዛ ላይ ቁጭ የምትል፣ ከመጽሐፍ ብዙም የማትበልጥ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የምትፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየኝ የፊቷን ፎቶ ነው። ማዞሪያዎቿን፣ መብራቶቿን፣ ቀለሟን። እኔም ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ጀርባዋስ?» ፊቷ ያስገዛችኋል። ከገዛችኋት በኋላ ግን በየቀኑ የምትታገሉት ከመሰኪያዎቿ፣ ከኃይል ገመዷና ከሚጎድላት ነገር ጋር ነው።

ከታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሉኝ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው፤ ከእነዚህ ስህተቶች ሁለቱን እኔ ራሴ ሠርቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

«ትንሽ ስለሆነች መጫወቻ ናት»

ድምፁን የሚሠራው ክፍል ብዙ ቦታ አይፈጅም። ቦታ የሚፈጁት ነጭና ጥቁር ቁልፎቹ ናቸው። ኮርግ የተባለው አምራች በ2019 ሚኒሎግ ኤክስዲ የተባለችውን ሲንተሳይዘር ከ37 ቁልፍ ጋር አወጣ፤ ኋላ ያንኑ ያለ ቁልፍ በትንሽ ሞጁል መልክ ሸጠው። ድምፁ ያው ነው። በ2017 የወጣው የኖቬሽን ፒክም አንድ የፒያኖ ቁልፍ የለውም፤ ግን በአንድ ጊዜ 8 ኖት ያጫውታል። ይሄ መጫወቻ አይደለም።

ሲያንስ የሚቀነሰው ሌላ ነገር ነው። የኮርግ ቮልካ ኪይስን እንውሰድ። በ2013 የወጣች፣ በ6 ተራ ባትሪ የምትሠራ፣ የራሷ ስፒከር ያላት ሣጥን ናት። ድምጿ እውነተኛ አናሎግ ነው (እንደ ዲጂታል በቁጥር ስሌት ሳይሆን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ዑደት የሚፈጠር)፤ ሲሰሟት ደስ ትላለች። መሰኪያዎቿን እዩ እንግዲህ። (የእሷስ ያሉት ከላይ፣ ፊቷ ላይ ነው። «ጀርባ» ስል መሰኪያ ያለበትን ቦታ ሁሉ ማለቴ ነው።) ድምፅ የሚወጣው በአንዲት ባለ 3.5 ሚሊሜትር የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው። የሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚታዘዙበት መገናኛ) መግቢያ አላት፣ መውጫ ግን የላትም። ማለትም ሌላ መሣሪያ በሚዲ ያዛታል እንጂ እሷ ሌላውን አታዝም። ማዞሪያዎቿም ደቃቃ ናቸው፤ ጣቱ ወፈር ያለ ሰው አንዱን ሲያዞር ጎረቤቱን ይነካል። ይህ ለእናንተ ችግር ካልሆነ ትንሽነቷ ምንም አይጎዳችሁም።

«አናሎግ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?»

በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ7 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ነበር። በ80ዎቹ ዘፈኖች ውስጥ የምትሰሙት ያ ደወል ደወል የሚለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ በአብዛኛው የእሱ ነው። ያን ድምፅ የሚፈልግ ሰው አናሎግ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ አወጣ። የአርቱሪያ ማይክሮፍሪክ ደግሞ ሁለቱንም ቀላቅላለች፦ ድምፁ የሚመነጨው በዲጂታል ነው፣ የሚያጣራው ፊልተር አናሎግ ነው።

አናሎግ የራሱ ጠባይ አለው። ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቃናው ሊንሸራተት ይችላል፤ አንዳንዱ እስኪሞቅ መጠበቅ አለበት። ይህን ጠባይ የሚወድ አለ። የሚያናድደውም አለ።

ከስያሜው ይልቅ ይህን ሞክሩ። አንድ ኖት ያዙና የፊልተሩን ማዞሪያ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ድምፁ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ጥሩ ነው። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቋ ቋ ካለ ግን በየዘፈኑ ያ ነገር ይከተላችኋል።

«በአንድ ጊዜ የምታጫውተው ኖት በበዛ ቁጥር ትሻላለች»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

መጀመሪያ የገዛኋት ሣጥን በአንድ ጊዜ 3 ኖት ብቻ ነበር የምታጫውተው። ይህን አንብቤዋለሁ። ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ማታ አመጣኋት፣ ኪቦርድ ሰካሁባት፣ በግራ እጄ አንድ ቤዝ (ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ኖት) ያዝኩ። በቀኝ እጄ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖቶች) ልጨምር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛዋን እንደነካሁ ቤዙ ጠፋ። ጣቴ አሁንም ቁልፉን ተጭኖታል፤ ድምፁ ግን የለም። ተበላሽታለች ብዬ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው።

አልተበላሸችም ነበር። ሦስት ዘፋኝ ብቻ እንዳለው ቡድን አስቡት። አራተኛ ዜማ ሲታዘዝ ከሦስቱ አንዱ የያዘውን ጥሎ ወደ አዲሱ ይሄዳል። የኔዋ ቀድሞ የተነካውን ትጥል ነበር፤ ቀድሞ የሚነካው ደግሞ ምንጊዜም ቤዙ ነው።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበር። ቀስ ብሎ የሚጠፋ ረጅም ድምፅ ስትሠሩ፣ ጣታችሁን ካነሳችሁ በኋላም ያ ኖት ገና አልሞተም። ዘፋኙ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ኮርድ ስትመቱ የቀድሞው ጭራው በድንገት ይቆረጣል።

ይህን ስትሰሙ «እንግዲያው 16 ኖት ያለውን ልግዛ» አትበሉ። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ አንድ ኖት ብቻ ነበር የሚያጫውተው። ስንት ቤዝና ስንት ሶሎ ተሠርቶበታል! ለቤዝ አንድ ኖት እንዲያውም ይመረጣል፤ ኖቶቹ አይደራረቡም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መንሸራተትም ይመቻል። ስፋት ያለው፣ ክፍሉን የሚሞላ ኮርድ የምትፈልጉ ከሆነ ግን 4 ጠበብ ይላል፤ 6 ወይም 8 ይሻላል። የሮላንድ ጁፒተር-8 በ1981 ሲወጣ 8 ነበረው፤ ኩባንያው በ2015 ያንን በዲጂታል አስመስሎ በትንሹ ያወጣው ጄፒ-08 ያለው 4 ነው። ስሙና መልኩ ይመሳሰላል፤ ሁለት እጅ ሙሉ ኮርድ ስትመቱበት ልዩነቱን ታውቁታላችሁ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። አንዳንዶቹ ብዙ ኖት ያጫውታሉ፣ ግን ኖቶቹ ሁሉ የሚያልፉት በአንድ ፊልተር ነው። ቮልካ ኪይስ ከዚህ ወገን ናት። እያንዳንዱ ኖት ለብቻው አይከፈትም፣ አይዘጋም፤ ሁሉም በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ በር ይወጣሉ። ሻጩ ይህን በትልቅ ፊደል አይጽፈውም።

«ፒያኖ ስለማልችል አይሆነኝም»

ሮላንድ ቲቢ-303 የተባለችውን ትንሽ ሲንተሳይዘር በ1981 ያወጣው ብቻውን ለሚለማመድ ጊታሪስት ቤዝ እንዲጫወትለት ነበር። ቤዝ ጊታር አልመሰለም፤ ገበያውም አልቀናው፤ በ1984 ማምረቱ ቆመ። ከዚያ ያገለገሉት በርካሽ ሲሸጡ የቺካጎ ወጣቶች እጅ ገቡ። እነሱም ኖቶቹን በሲኩዌንሰሩ (ኖቶችን መዝግቦ በራሱ እየደጋገመ የሚያጫውተው ክፍል) ውስጥ አስገብተው ማዞሪያዎቹን ማዞር ጀመሩ። አሲድ ሀውስ የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው ከዚያ ጩኸት ነው። ፒያኖ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገም።

ዛሬም ብዙዎቹ ትንንሽ ሣጥኖች የራሳቸው ሲኩዌንሰር አላቸው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማዞር ትወዳላችሁ ወይ? ቁጭ ብላችሁ አንድን ድምፅ ግማሽ ሰዓት መጠምዘዝ ካሰለቻችሁ፣ ይህ ዕቃ ይሰለቻችኋል።

«ከኮምፒውተር ፕላግኢን የተሻለ ድምፅ አላት»

ፕላግኢን ማለት ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ የሲንተሳይዘር ፕሮግራም ነው። ተሠርቶ ባለቀ ዘፈን ውስጥ ከበሮና ድምፃዊ ከገቡበት በኋላ የትኛው ከሣጥን፣ የትኛው ከፕላግኢን እንደመጣ በጆሮው የሚለይ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ አልለይም። አንድ ፕላግኢን በአሥር ትራክ ላይ መክፈት ይቻላል፤ ሣጥኗ አንድ ናት። የፕላግኢኑ ድምፅ ከዘፈኑ ጋር ይቀመጣል። እንደ ቤሪንገር ሞዴል ዲ ያለችው ሣጥን ግን የሠራችሁትን ድምፅ የምታስቀምጥበት ማስታወሻ ጭራሽ የላትም፤ ዛሬ ያገኛችሁትን ድምፅ ነገ የምታገኙት ማዞሪያዎቹን በስልክ ፎቶ ካነሳችሁ ነው። ያኔም በግምት።

ታዲያ ለምን ትገዛለች? ለእጅ። ማዞሪያው ሁልጊዜ እዚያው ነው፤ መስኮት አይከፈት፣ አፕዴት አይጠየቅ። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና እየሠራ፣ 256 ናሙና እስኪጠራቀም እንዲጠብቅ ብታዘጋጁት በመንካትና በመስማት መካከል ከዚያ ብቻ ወደ 6 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ የቀረው ተጨምሮበት አንዳንዱ ሰው ይሰማዋል። ሣጥኗ ላይ ይህ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ለናንተ ምንም ካልመሰላችሁ ግን ገንዘባችሁን ያዙ፤ ምክሬ ይኸው ነው።

«ዩኤስቢ አላት፤ ድምፁ በዚያው ይገባል»

አንዳንዶቹ ላይ ይገባል። አብዛኞቹ ላይ በዩኤስቢ የሚያልፈው ሚዲ ብቻ ነው። ሚዲ ደግሞ ድምፅ አይደለም፤ «ይህን ኖት በዚህ ኃይል ምታ» የሚል ትእዛዝ ነው። በ1983 የወጣ ስምምነት ነው፤ ባለ 5 ፒን ገመዱ በሰከንድ 31,250 ቢት ብቻ ያስተላልፋል። ድምፁን ለመቅዳት ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሣጥን) እና ሌላ ገመድ ትፈልጋላችሁ።

ዩኤስቢው ሌላም ያመጣል። የኔዋን በአንድ ጊዜ ከላፕቶፑም ከኢንተርፌሱም ጋር ሳገናኛት ቀጭን ፉጨት ጀመረች። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ፉጨቱም አብሮ ይለዋወጣል። ሁለት ማታ ገመድ ስቀያይር አመሸሁ። በመጨረሻ ዩኤስቢውን ነቅዬ በባትሪ ሳስነሳት ጸጥ አለች። ፉጨቱ የሚገባው ሁለቱ ገመዶች በሚሠሩት ዙር በኩል ነበር።

«ወጪው የሣጥኗ ዋጋ ብቻ ነው»

አዳፕተሩ አብሮ ላይመጣ ይችላል። ቤት ያለውን ባለ 9 ቮልት ከመሰካታችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። የጊታር ፔዳል አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ የመሰኪያው መሐል ኔጌቲቭ ነው፤ ቮልካዎቹ የሚፈልጉት መሐሉ ፖዘቲቭ የሆነውን ነው። ቮልቱ አንድ፣ መሰኪያው ልክ፣ ውጤቱ ግን ጥፋት ሊሆን ይችላል። አዳፕተሩ ላይ የተሳለችውን ትንሽ ክብ ምልክት ከሣጥኗ ምልክት ጋር አስተያዩ።

የሚዲ ገመዱም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ሣጥኖች በ5 ፒኑ ፋንታ ቀጭኗን ባለ 3.5 መሰኪያ ይጠቀማሉ። ችግሩ ሽቦዎቹ በሁለት ዓይነት መንገድ ይታሰሩ ነበር፦ ኮርግ ኤ የሚባለውን፣ አርቱሪያና ኖቬሽን በአንዳንድ መሣሪያዎቻቸው ቢ የሚባለውን። በ2018 አምራቾቹ ዓይነት ኤ መደበኛ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ በፊት የተሠራ ከገዛችሁ ግን ገመዱ ተሰክቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ምንም ላይሰማ ይችላል።

«ቪዲዮ ላይ የሰማሁት ድምፅ ነው የምትሰጠኝ»

ሪቨርቡን (ድምፁን በትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስመስለውን ማስተጋቢያ) ቀንሱለት። ከተቻለ ምንም ያልተጨመረበትን ደረቅ ድምፅ ፈልጋችሁ ስሙ። እሱን ከወደዳችሁት፣ በእርግጥ ወዳችኋታል።

«ማንዋል የሚነበበው ከተገዛ በኋላ ነው»

አምራቾቹ ማንዋሉን በነፃ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ ገዢ መሆን አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገለጥ አድርጉ፤ የመሰኪያዎቹ ሥዕል እዚያ ነው። ወረቀት አውጡና ከሣጥኗ እስከ ስፒከራችሁ፣ ከኪቦርዳችሁ እስከ ሣጥኗ መስመር ሳሉ። በየመስመሩ ላይ ያላችሁን ገመድ ጻፉ። መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ተጨማሪ ዕቃ ይገዛል ማለት ነው። እኔ ባለፈው አንዷን ልገዛ ገንዘቡን ይዤ ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ መስመሬ ሦስት ቦታ ተቆርጦ አየሁና ተውኳት።