ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የጀርባ ሥራ ምንድን ነው?

አንድ ኮምፒውተር ፋይሎችን ወደ መጠባበቂያ ዲስክ ሲገለብጥ፣ ቫይረስ ሲያስስ ወይም ረጅም ቪዲዮን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ ሲቀይር፣ ሥራው አሁን ቢያልቅም ሆነ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለተጠቃሚው ያን ያህል ልዩነት የለውም። ያው ተጠቃሚ ግን ቁልፍ ተጭኖ ፊደሉ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይበት ወዲያው ያስተውለዋል። ሁለቱ ሥራዎች የሚሻሙት አንድን ፕሮሰሰር ነው። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የጀርባ ሥራ የሚባለው እንግዲህ የበለጠ አጣዳፊ ሥራ በመጣ ቁጥር ፕሮሰሰሩን እንዲለቅ፣ ያ ሥራ ሲያበቃም ካቆመበት እንዲቀጥል ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስቀድሞ የተነገረለት ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ቅድሚያው የተቀነሰ ሥራ የግድ ቀርፋፋ ይሆናል የሚለው ግምት ነው። ቅድሚያ ትርጉም የሚኖረው ሽሚያ ሲኖር ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩን የሚፈልግ ሌላ ከሌለ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ እንደማንኛውም ሥራ በሙሉ ፍጥነት ይሠራል፤ የምንወስንለት ፍጥነቱን ሳይሆን ለማን ቦታ እንደሚለቅ ነው።

ይህን የሚዳኘው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ስኬጁለር ይባላል፤ በአማርኛ ተራ አስከባሪ ልንለው እንችላለን። ዩኒክስና ሊኑክስ በሚባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ፣ ማለትም በመሥራት ላይ ላለ ፕሮግራም፣ ናይስ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ደግ ወይም ለሌላው የሚያስብ ማለት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፕሮሰሱ ለሌሎች ይበልጥ ይለቃል። በሊኑክስ ቁጥሩ ከ-20 እስከ 19 የሚደርስ ሲሆን መነሻው 0 ነው። በተለመደው አሠራር ማንኛውም ተጠቃሚ የራሱን ፕሮሰስ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ዝቅ ለማድረግ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ የራስን ቅድሚያ ዝቅ ማድረግ ማንንም አይጎዳምና።

የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ይህን ቁጥር ወደ ክብደት ይለውጠዋል። የ0 ክብደት 1024፣ የ1 ክብደት 820፣ የ19 ክብደት ደግሞ 15 ነው፤ የናይስ ቁጥሩ በአንድ በጨመረ መጠን ክብደቱ በግምት ለ1.25 ይካፈላል። ሁለት ፕሮሰሶች በአንድ ኮር፣ ማለትም ለብቻው መሥራት በሚችል አንድ የፕሮሰሰር ክፍል፣ ላይ ያለማቋረጥ ቢሻሙና አንዱ 0፣ ሌላው 1 ቢሆን ድርሻቸው 55.5 እና 44.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንዱ 0፣ ሌላው 19 ከሆነ ግን የኋለኛው የሚደርሰው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱም 19 ቢሆኑ እኩል ይካፈላሉ፤ ክብደት ምንጊዜም ከተወዳዳሪው አንጻር የሚለካ ነውና።

ክፍፍሉ የሚከናወንበት ዘዴ ውብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሊኑክስ 2.6.23 የገባውና ኢንጎ ሞልናር የጻፈው ስኬጁለር ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የተጠቀመበትን ጊዜ የሚመዘግብ ሒሳብ ይይዝ ነበር፤ ተራው የሚደርሰው ሒሳቡ አነስተኛ ለሆነው ነበር። ቁጥሩ 19 በሆነው ፕሮሰስ ላይ ይህ ሒሳብ ከመደበኛው 68 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይሮጥ ነበር፤ አንድ ሚሊሰከንድ ሲሠራ 68 ሚሊሰከንድ እንደሠራ ይቆጠርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በሊኑክስ 6.6 ይህን የተካው አዲሱ ስኬጁለር ለእያንዳንዱ ተራ የማብቂያ ቀነ ገደብ ቢጨምርም ክብደቶቹን እንዳሉ ይዟቸዋል።

ከናይስ 19 በታች ሌላ መደብ አለ፤ ስሙም ሼድ አይድል ነው። ስሙን የሰማ ሰው ፕሮሰሰሩ ፈጽሞ ሥራ ሲፈታ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን 3 የሆነች ክብደት ስላለችው በሽሚያም መካከል ጥቂት ይደርሰዋል። ይህ ጥቂት ድርሻ ያለ ምክንያት አልተተወም። ዝቅተኛው ሥራ ሌሎች የሚፈልጉትን መቆለፊያ (አንድን የጋራ ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲጠቀምበት የሚያደርግ ምልክት) ይዞ ፕሮሰሰር ቢከለከል መቆለፊያውን የሚለቅበት ጊዜ አያገኝም፤ ከፍተኛው ሥራም ዝቅተኛውን ሲጠብቅ ይኖራል። በሐምሌ ወር 1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ባረፈችው ፓዝፋይንደር መንኮራኩር የደረሰው ይኸው ነበር፤ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ መረጃ ሰብሳቢ መቆለፊያ እንደያዘ መካከለኛ ሥራዎች እየቀደሙት፣ መቆለፊያውን የሚጠብቀው ከፍተኛ ሥራ ጊዜው እያለፈበት፣ ኮምፒውተሩ በተደጋጋሚ ራሱን አጥፍቶ ይነሣ ነበር። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው መቆለፊያ የያዘ ሥራ የጠባቂውን ቅድሚያ ለጊዜው እንዲወርስ በማድረግ አስተካከሉት።

ናይስ የሚገዛው ፕሮሰሰሩን ብቻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራ ፕሮግራም ቁጥሩ 19 ሆኖም ዲስኩን አጨናንቆ ሌላውን ሁሉ ሊያስጠብቅ፣ ሺህ ፋይሎችን በማንበብም ሌሎች ፕሮግራሞች ሜሞሪ ውስጥ ያቆዩትን ሊያስወጣ ይችላል። ለዲስክ አዮናይስ የሚባል ሌላ ትእዛዝ ቢኖርም የሚሠራው የዲስኩ ስኬጁለር ቅድሚያን የሚያከብር ከሆነ ነው፤ ያለ ምንም ስኬጁለር በሚሠሩ ፈጣን ዲስኮች ላይ ውጤት የለውም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የፕሮሰሰሩን፣ የዲስኩንና የሜሞሪውን ቅድሚያ አንድ ላይ ዝቅ የሚያደርግ የጀርባ ሁነታ አለው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ከሦስት የተለያዩ ትእዛዞች ይሻላል። ማክ ኦኤስ አፕል በሠራቸው ፕሮሰሰሮች ላይ የጀርባ ሥራዎችን ኃይል ቆጣቢ በሆኑት ኮሮች ላይ ብቻ ስለሚያስኬድ፣ ፈጣኖቹ ኮሮች ሥራ ፈትተው እንኳ የጀርባው ሥራ ይዘገያል፤ ከላይ ሽሚያ ከሌለ መዘግየት የለም ያልነው እዚህ ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም የሚቆጠበው ባትሪው ነው።

በሊኑክስ ብዙዎችን የሚያስት አንድ ነገር ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሊኑክስ 2.6.38 የገባው ሥራዎችን በራሱ የሚቧድን አሠራር በርቶ ከሆነ ስኬጁለሩ መጀመሪያ ድርሻ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ቡድን ነው፤ የናይስ ቁጥሮች የሚነጻጸሩት ከዚያ ወዲያ በአንድ ቡድን ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ተርሚናል ብቻውን በ19 የተነሣ ከባድ ሥራ በሌላ ተርሚናል ካለው መደበኛ ሥራ ጋር እኩል ሊካፈል ይችላል፤ ያስነሣውም ሰው ትእዛዙን በትክክል ጽፎ ሳለ ለምን እንዳልሠራ አይገባውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝቅ መደረግ ያለበት የፕሮሰሱ ቁጥር ሳይሆን የቡድኑ ክብደት ነው፤ ይህም የሚደረገው ለቡድኑ ራሱ የናይስ ቁጥር በመስጠት ነው፤ ሥራዎቹ ሲግሩፕ በሚባለው የከርነሉ የቡድን ማደራጃ ከተያዙ ግን በሁለተኛው እትሙ መነሻው 100 ሆኖ ከ1 እስከ 10000 ሊሰጥ በሚችለው የፕሮሰሰር ክብደት ነው።