የመዋዕለ ሕፃናት ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ በኢትዮጵያ

ሳምንታዊ ዕቅድ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን እንደምታስተምር፣ በምን እንደምታስተምርና ልጆቹ መረዳታቸውን በምን እንደምታውቅ አስቀድማ የምትጽፍበት ሰነድ ነው። ደንቡ ዓርብ ከሰዓት እንዲዘጋጅ ነው። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሚጽፉትም አሉ፤ ስም አንጠራም። ስለ አንደኛ ደረጃ የትምህርት ዕቅድ በአማርኛ የሚነበብ ነገር አይጠፋም። ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ያለው ብጥስጣሽ ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰባሰበው ከፖሊሲ ሰነዶች፣ ከማሠልጠኛ ሞጁሎችና በተለይ ደግሞ ከራሴ የዕቅድ ደብተሮች ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ይበዛበታል።

ስያሜ

«መዋዕል» በግእዝ «ቀናት» ማለት ነው፤ በአማርኛ «ዋለ» ከምንለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። መዋዕለ ሕፃናት እንግዲህ ሕፃናት የሚውሉበት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል በ1840 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቱ የሰጠው ስም «የልጆች የአትክልት ቦታ» የሚል ነበር። እኛ አትክልቱን ትተን ውሎውን ወሰድን። ለዕቅድ ሥራ የኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ተረቱ ይነግረናል፤ ነገሩ ሁሉ ውሎ ላይ ነው።

በአፍ ግን «ኬጂ» ይባላል። በግል ትምህርት ቤቶች ነርሰሪ፣ ኤልኬጂና ዩኬጂ የሚባሉት ደረጃዎች ነበሩ፤ አሁን ብዙዎቹ ኬጂ 1፣ ኬጂ 2፣ ኬጂ 3 ይሏቸዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት ክፍል «ኦ ክፍል» ወይም «ዜሮ ክፍል» ነው።

ዳራ

የቄስ ትምህርት ቤት የወረቀት ዕቅድ አልነበረውም። ቅደም ተከተል ግን ነበረው። መጀመሪያ ፊደል ቆጠራ፣ ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እስከ ዳዊት ይሄዳል። አቡጊዳ ራሱ ምዘና ነው ማለት ይቻላል። ልጁ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ሸምድዶ እንዳያታልል ፊደሉ ተሰባጥሮ ይቀርብለታል። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ዛሬ በሥልጠና ላይ እንደ አዲስ ነገር የሚነገረን ይህንኑ ነው። በቁርኣን ቤትም ልጁ ሉሑ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የተጻፈለትን ሲያውቅ አጥቦ ወደ ሌላው ያልፋል።

የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ በድሬዳዋ፣ ባቡር ሐዲዱን ለሚሠሩ ፈረንሳውያን ልጆች እንደተከፈተ በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። ባቡሩ ራሱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ዓመቱን «አካባቢ» ብሎ ማለፍ ይሻላል። በደርግ ጊዜ ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች አድርጎ አስቀመጠው፤ ዓላማው ልጁን በሁለንተናዊ መልኩ ማሳደግ ነው አለ። ማስፋፋቱ ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለቤተ እምነትና ለማኅበረሰብ ተተወ። ነገሩ የተለወጠው በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ካወጡ በኋላ ነው። ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ከፍ ያሉ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ትንንሽ ልጆች የሚያጫውቱበትና የሚያስተምሩበት «ልጅ ለልጅ»ም መጣ። በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 5 ገደማ የነበረው የቅድመ አንደኛ ጥቅል ተሳትፎ (ዕድሜ ሳይለይ የተመዘገቡት ሁሉ ለደረጃው ዕድሜ ከደረሱት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ) በ2007 ዓ.ም. ወደ 39 ገደማ ወጣ። በአራት ዓመት! ይህን ያህል ልጅ የተቀበሉት መምህራን ብዙዎቹ ለዚህ ዕድሜ ሠልጥነው አልነበረም። ሳምንታዊ ዕቅድ እንደ ሰነድ የጠበቀው በዚያ ሰሞን ነው፤ መያዣ አስፈለገ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል።

የዕቅዱ ቅጽ

ቅጹ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ጥቂት ቢለያይም አምዶቹ ይመሳሰላሉ። ቀን፣ ክፍለ ጊዜ፣ ርዕስ፣ ዓላማ፣ የመምህሯ ተግባር፣ የሕፃናቱ ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና፣ ምርመራ። ክፍለ ጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ የአራት ዓመት ልጅ አይቀመጥልህም፤ ቢቀመጥም ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ዕቅዱን ዩኒት መሪ (የመምህራኑ አስተባባሪ) ወይም ርዕሰ መምህር አይቶ ይፈርምበታል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ማንም በይፋ የማይጽፈው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ሁለት ዕቅድ አለን። አንዱ ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ በንጹሕ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ጋዎን ኪስ ውስጥ ያለች የተጣጠፈች ወረቀት ናት። እሷ ላይ «ቆርኪ 40፣ ጭቃ፣ ፎጣ፣ ውሃ፣ ትንሿን ልጅ ፊት አስቀምጪ» ይላል። የምታሠራው እሷ ናት። አንድ ትምህርት ቤት ስሠራ የዓላማ አምድ ላይ «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ሕፃናት ይዘረዝራሉ» ብዬ ካልጻፍኩ አይፈረምልኝም ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ምን ብሎ ነው የሚዘረዝረው? እኔ ግን ጻፍኩ፣ ተፈረመ።

ትምህርቶቹ

በኬጂ ዕቅድ ላይ የሚገቡት ዋና ዋናዎቹ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃና የሰውነት ማጎልመሻ ናቸው። እንግሊዝኛ፣ ጤናና ግብረ ገብም አሉ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ለየብቻው ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። የሚሻለው ግን አንድ ጭብጥ ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ትምህርቶቹን በእሱ ማያያዝ ነው። የተለመዱት ጭብጦች ራሴን ማወቅ፣ ቤተሰቤ፣ ትምህርት ቤቴ፣ እንስሳት፣ ዕፅዋት፣ መጓጓዣ ናቸው። መስከረም ራሱ ጭብጡን ይዞ ይመጣል። አደይ አበባና «አበባዬ ሆይ» በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደመራ በሦስተኛው።

ዕቅድ የሚያስቸግረው ከሁሉ በላይ ቋንቋው ላይ ነው። 33ቱ የፊደል ቤቶች በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። የትምህርት ዓመቱ 40 ሳምንት ገደማ ነው። በሳምንት አንድ ቤት ቢሄዱ እንኳ ለክለሳ የሚተርፈው ከእጅ አይሞላም። ከየት ይጀመር የሚለውም አልተፈታም። ወደ ታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ ግዕዙን የሚጨርሱ አሉ። ወደ ጎን ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያሉ ቤቱን የሚጨርሱም አሉ። እኔ ወደ ታች ነኝ፤ ቅርጹ ስለሚለያይ ልጅ አይምታታበትም። ሀ፣ ሐና ኀ ለምን አንድ ድምፅ ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። ለሱ የሚሆን አምድ ቅጹ ላይ የለም።

ጭብጥና ፊደል ሲጋጩ ደግሞ አለ። የሳምንቱ ጭብጥ የቤት እንስሳት ነው እንበል። ልጅ መጀመሪያ የሚጠራልህ ላም ነው፤ በ«ላ» ይጀምራል፣ ራብዕ። ዶሮ በ«ዶ»፣ ሳብዕ። ፍየል፣ ድመት፣ ውሻ፣ ግመል ሁሉም በሳድስ። ግዕዝ ላይ ላለ ልጅ የሚሆኑት በግ፣ በሬ፣ በቅሎ፣ ፈረስና አህያ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእንስሳት ሳምንት ሲመጣ የፊደል ተራው «በ» ላይ እንዲውል አድርጎ ዓመታዊውን ዕቅድ ከወዲሁ ማስተካከል ነው። ይህን ያስተማረችኝ ከኮተቤ መምህራን ኮሌጅ የወጣች አንጋፋ ባልደረባዬ ናት። በየትኛውም ሞጁል ላይ አላየሁትም።

አንድ ሳምንት በቅርብ

ከደብተሬ አንድ የጥቅምት ሳምንት እነሆ። ኬጂ 2፣ 34 ልጆች፣ ጭብጥ የቤት እንስሳት።

ሰኞ ከሰልፍና ከመዝሙር በኋላ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። «ቤታችሁ ምን እንስሳ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዕቅዱ ላይ የሚጠበቀው መልስ ላም፣ በግ፣ ዶሮ ነበር። ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ሚስ፣ እኛ ቤት አይጥ አለ» አለ። ከዚያ የማያስቆም ሆነ፤ ሁሉም የየቤቱን አይጥ ይተርክ ጀመር። ሥዕሎቹን ያሳየሁት ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ማክሰኞ ቋንቋ «በ» ነበር፤ በአየር ላይ በጣት መጻፍ፣ ከዚያ በአሸዋ ገንዳ፣ ከዚያ በጠመኔ። ሒሳቡ በቆርኪ ነው። ለእያንዳንዱ የእንስሳ እግር አንድ ቆርኪ ያስቀምጣሉ። ዕቅዱ «ከ1 እስከ 5 መቁጠር» ይላል። ዶሮ ሁለት፣ በግ አራት፤ እስካሁን ደህና። አንዷ ዶሮዋንና በጓን አንድ ላይ አሰለፈቻቸው። ስድስት ሆነ። ስድስት ደግሞ የኅዳር ነው። ምን ልበላት? «ስድስት» አልኳት። ምርመራ አምድ ላይ «ከዕቅድ ውጭ» ተብሎ ተጽፎብኛል።

ረቡዕ የአካባቢ ሳይንስ፣ «እንስሳት ምን ይሰጡናል»። ወተትና እንቁላል ለማሳየት አቅጄ ነበር። ቀኑን አላየሁም። ገና ወተቱን ሳወጣ ግማሹ ክፍል «ሚስ፣ ጾም ነው!» ብሎ ተነሣብኝ። ልጆቹ ለመጾም አልደረሱም፤ ቤታቸው ግን ይጾማል፣ እነሱም ኮራ ብለው ነው የሚናገሩት። ወተቱ ለሐሙስ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ላይ ጎመንና ካሮት እንጂ ሌላ የሚቀመስ አላቅድም።

ሐሙስ ሥነ ጥበብ በጭቃ። በግ፣ ላም፣ ዶሮ ይሠራሉ። ሁሉም አራት እግር ያለው ድንች ይመስላል፤ ግን የማን በግ እንደሆነ ልጆቹ አይሳሳቱም። እጅ መታጠቡ የጤና ትምህርት ተብሎ ይመዘገባል፤ ደግሞም ነው። በእንግሊዝኛው «ካው፣ ሺፕ፣ ሄን»፣ አሥር ደቂቃ። ሰውነት ማጎልመሻው ሰኞ ማክሰኞ ነበር። ይህ ጨዋታ የመምህር ወዳጅ ነው። መሬት ላይ በጠመኔ የተሠመሩት ቤቶች በቀኖቹ ስም ስለሚጠሩ በአንድ እግር እየዘለሉ የሳምንቱን ቀናት ይጠራሉ፤ መቁጠርም አለበት፣ ተራ መጠበቅም። በአንድ ጠመኔ ሦስት አምድ ይሞላል።

ዓርብ ክለሳ፣ በእንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» «አራት እግር አላት፣ ወተት ትሰጣለች።» ይህን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ጠያቂ ይሆናሉ፣ የሚሉትም አይፈታም። «ሀገር ስጪኝ» ስባል ጎንደርን ሰጠሁ። ልጁ አልፈልግም አለ፤ ኮልፌን ነው የሚፈልገው። ከሰዓት ለወላጅ የሚላከው ኮሚኒኬሽን ቡክ ይጻፋል።

የግብዓትና የጊዜ ጉዳይ

የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት በዕቃ ከግሎቹ ጋር አይወዳደርም። በመርጃ መሣሪያ ግን አንታማም። ከካርቶን፣ ከቆርኪ፣ ከሃይላንድ ጠርሙስና ከጨርቅ ቁራጭ የማይሠራ ነገር የለም። የተገዛ ፕላስቲክ እንስሳ ልጅ ሁለት ቀን ይዞት ይሰለቸዋል፤ ራሱ የለጠፈውን የካርቶን አህያ ግን እስከ ሰኔ ይጠብቀዋል። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ከጀመረ በኋላ የጠዋቱ የጊዜ ሰሌዳ ተቀይሯል። ቁርስ ገባበት። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ዓይኑ የሚከደንበት ልጅ ቀነሰ።

በዚያው ዓመት መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ዕቅዱ በቴሌግራም ለወላጅ ይላክ ነበር።

በገጠር አንዲት የኦ ክፍል መምህርት ብዙ ጊዜ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች በአንድ ክፍል ይዛ ነው የምታቅደው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ልጆቻቸውን ቅዳሜ ወይም እሑድ ፊደል ያስቆጥራሉ፤ የእነሱ ሳምንት ሁለት ሰዓት ነው።

አከራካሪ ነጥቦች

በአራት ዓመት መጻፍ ይጀመር ወይስ አይጀመር የሚለው ይከራክራል። አንዳንድ ወላጅ ደብተሩ ካልሞላ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። ጣት ገና ሳይጠነክር እርሳስ ማስያዝ ይጎዳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ይጠቅማል የሚሉም ይኖራሉ። የእንግሊዝኛው ግን አከራካሪ ሊሆን ባልተገባው ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ብሏል። ብዙ የግል ኬጂ ግን ከሰላምታው ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያቅዳል፣ መምህሯም ልጆቹም እየተንገዳገዱ።

ሌላው ዓርብ ላይ ያልተሠራው ክፍለ ጊዜ የት ይሂድ የሚለው ነው። ቅጹ «ያልተሸፈነ ይዘት» ብሎ ምክንያቱን ይጠይቃል። ደንቡ በቀጣዩ ሳምንት ትርፍ ክፍለ ጊዜ እንዲካካስ ነው። በዚያ የጥቅምት ሳምንት ያልሸፈንኩት የሰኞው የሥዕል ቃላት ነበር፤ ምክንያት በሚለው ፊት «አይጥ» ብዬ ጻፍኩ። ዩኒት መሪያችን አንብባ ሳቀች፣ ፈረመችበትም።