አሮጌ የጦር ጠመንጃ በጣና ዳር፦ ታሪኩ፣ ግዢውና አያያዙ

በባህር ዳር ዙሪያና በጣና ዳር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አሮጌ ጠመንጃ ከከብትና ከመሬት ጋር አብሮ የሚቆጠር ሀብት ነው። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ድሮ በሬ ተሸጦ ይገዛ ነበር። ባለቤቱ ሲሞት ማን ይውረሰው የሚለው ጥያቄ ሽማግሌ ያስቀምጣል። የሚያሳዝነው ግን ዕቃውን የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ መሆናቸው ነው። ወጣቱ ክላሽን ከሩቅ ይለያል። ውጅግራን ከምንሽር ለመለየት ግን አዛውንት ፍለጋ ይሄዳል።

እነዚህ ጠመንጃዎች ወደ አገራችን የገቡት በአንድ ጊዜ አይደለም። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር ግብፆችን ሲያሸንፍ ከተማረከው መሣሪያ አብዛኛው ሬሚንግተን የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ነበር። ከዚያ በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ መሣሪያ በብዛት ገባ። ከሁሉም የታወቀው ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ያጸደቁት ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ስለሆነ ጭሱ ተኳሹን ያጋልጠዋል። ያም ሆኖ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት ብዙዎቹ በትከሻቸው ያነገቱት እሱን ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበን የሚባል ጠመንጃ ሲይዙ ውጅግራ ለእነሱ ያረጀ ዕቃ ሆነ። በርካሽ ተሽጦ የደረሰንም በዚህ ምክንያት ነው።

ጣሊያንም ድርሻ አላት። ከውጫሌ ውል በፊትና በኋላ ለምኒልክ ከሰጠችው መሣሪያ ውስጥ ቬተርሊ የሚባለው ባለ 10.35 ሚሊሜትር ጠመንጃ ይገኝበታል። ዓድዋ ላይ ደግሞ ብዙ ተማርኮባታል። በ1928 ዓ.ም. ተመልሳ ስትመጣ የያዘችው ካርካኖን ነው። ካርካኖ ባለ 6.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ስድስት ጥይት በአንድ መያዣ ተደርድሮ ይጎርሳል። ጎጃም ውስጥ አርበኛው መሣሪያ የሚያገኝበት ዋናው መንገድ ከጠላት መንጠቅ ነበር። የባህር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው የተሰየመላቸው ደጃዝማች በላይ ዘለቀና ጓዶቻቸው አምስቱን ዓመት የተዋጉት በአብዛኛው በማረኩት መሣሪያ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ ደግሞ የእንግሊዝ መሣሪያ ተጨመረበት።

ቤልጅግን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ቤልጅየም ኸርስታል ውስጥ በኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ ማውዘር ነው። የሚተኩሰው 7.92 ሚሊሜትር ጥይት ነው። ለኢትዮጵያ ታዝዞ በተሠራው ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል። ምልክቱ በአሸዋ ወረቀት ካልተፋቀ ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል። ጠመንጃውን አሳምራለሁ ብሎ አንበሳውን የሚፍቅ ሰው ታሪኩንም ዋጋውንም አብሮ ነው የሚፍቀው።

ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ሲገዛ ውጫዊ ውበት አያታልለውም። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል። ቀጥሎ የሚያቀባብለውን ብረት አውጥቶ ያስቀምጣል። የአውራ ጣቱን ጥፍር በጥይት መግቢያው በኩል ይደግናል። ብርሃኑ ጥፍሩ ላይ አርፎ ወደ በርሜሉ ውስጥ ይገባል። በአፈሙዙ በኩል ሲያይ የተጠማዘዙት መስመሮች ስለት ኖሯቸው ከታዩት ደህና ነው። ውስጡ ጥቁርና ጉድጓዳማ ከሆነ ዝገት በልቶታል። ከዚያ በብረቱ አካል፣ በበርሜሉና በሚያቀባብለው ክፍል ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያስተያያል። ካልተመሳሰሉ ጠመንጃው ከሁለትና ከሦስት የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ጥይት ሲጎርስ በጥይቱና ከኋላ በሚዘጋው ብረት መካከል የሚቀረው ክፍተት በባለሙያ ሳይለካ አይተኮስም። ሰደፉ በቆዳ ወይም በሽቦ ተጠምጥሞ መገኘቱ ግን ነውር አይደለም። አገር ቤት የተሰነጠቀ እንጨት የሚጠገነው እንደዚያ ነው። እኔ በበኩሌ ያን ጥገና አንስቶ አዲስ እንጨት ማልበስን አልደግፍም።

አንድ አደጋ በተለይ መታወቅ አለበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን መሣሪያ ስላጠራት የድሮውን ቬተርሊ በርሜል ውስጡን ሸፍና 6.5 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩስ አደረገችው። ከውጭ ሲታይ በርሜሉ ወፍራም ነው፤ ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። አካሉ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ በመሆኑ የአዲሱን ባሩድ ግፊት በደንብ አይችልም። ከዚህ ዓይነቱ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። ይሰቀል፣ ይታይ፣ ይወረስ። አይተኮስ።

ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ ነው የሚቸግረው። የውጅግራና የቬተርሊ ጥይት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። የቆየ የጦር ጥይት ደግሞ ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ጨው መሰል ቅሪት ይተዋል። ያ ጨው እርጥበት ይስባል። ጣና ዳር ክረምት ሲገባ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ሳይታጠብ ያደረ በርሜል ቶሎ ይበላሻል። ዘይት ብቻ መቀባት ጨውን አያወጣውም። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ ነው። ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዘይት የሚቀባው። ጠመንጃን በቆዳ አፎት ከትቶ ክረምቱን ማሳለፍም አይመከርም፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያቆያል።

ወረቀቱስ? በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መግዛትና መሸጥ ወንጀል ነው። የጠመንጃው ማርጀት ከሕጉ አያወጣውም። ስለዚህ ሻጩ የፈቃድ ወረቀት ከሌለው በርሜሉን ማየት አያስፈልግም፤ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ውርስም ቢሆን ለፖሊስ ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል ባለበት ግጭት ደግሞ መሣሪያ ይዞ መታየት ራሱ ሕይወት ያስከፍላል።

እነዚሁ ጠመንጃዎች አሜሪካ ሲደርሱ ሌላ ኑሮ ይኖራሉ። በቅርብ ዓመታት አስመጪዎች ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ካርካኖ፣ ቬተርሊ፣ ውጅግራ፣ ማውዘርና የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ ጭነው ወስደዋል። ገዢዎቹ ሰብሳቢዎችና ቅዳሜና እሑድ ዒላማ መትተው የሚዝናኑ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ግዢው ቀላል ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ደግሞ የሰብሳቢ ፈቃድ ባለው ሰው ሊገዛ ይችላል። እዚያ ያሉት ገዢዎች የእያንዳንዱን ቁጥርና ማኅተም ፎቶ አንስተው ይመዘግባሉ። እኛ ከመሸኘታችን በፊት ይህን ማድረግ ነበረብን። የትኛው ጠመንጃ ከየትኛው አርበኛ ቤት እንደወጣ አሁን ማን ይነግረናል?

ለመዝናኛ ሲባል መተኮስ ጣና ዳር እንደ ስፖርት አልተደራጀም። የቆየው ልማድ ቅል ወይም ድንጋይ አቁሞ አልሞ መምታት ነው። አባቶች ጥይት ውድ ስለነበረ በአንድ ጥይት መምታትን ነበር የሚያስተምሩት። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ላይ የተላከ አረር ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድም ሰው ይገድላል። ለሟች ክብር፣ ለሙሽራ ደስታ ቀረርቶና ፉከራ አለን። የአባቱን ጠመንጃ ማንሳት የሚፈልግ ባለፈቃድ ካለም ባዶ መሆኑ በሁለት ሰው ታይቶ፣ የሚያቀባብለው ብረት ወጥቶ፣ ብረቱ ብቻውን ቤት ተቆልፎበት ቢነሳ ይሻላል።