የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በወሎ፦ ለመኖር ይበቃል?

በኢትዮጵያ አንድ ሰው አካል ጉዳተኛ ስለሆነ ብቻ በየወሩ የሚከፈለው የመንግሥት አበል የለም። ደሴም፣ ወልዲያም፣ ወረኢሉም ቢሆን ያው ነው። ያለው ድጋፍ በሁለት በር ነው የሚመጣው። አንደኛው በር ለተቀጠረ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በጣም ለደኸየ። በሁለቱ መሃል የወደቀ ሰው እጁ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። በሁለቱ በር የገባውም ቢሆን በሚያገኘው ብቻ ወሩን አይደፍንም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል፤ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ጥያቄው ጓዳ ምን ይገባል ነው።

ከጡረታው እንጀምር። በ2003 ዓ.ም. የወጡት የመንግሥት ሠራተኞችና የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጆች በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከሥራ ለወጣ ሰው የደመወዙን 47 በመቶ አስቀምጠዋል። ከሥራ ውጭ በሆነ ሕመም ሠርቶ ማደር ላልቻለ ደግሞ የጤና ጉድለት ጡረታ አለ። እሱ ግን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልን ይጠይቃል። አዋጆቹ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ ተተክተዋል። አበሉ ከደመወዝ ጋር መታሰሩ ግን እንዳለ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እጁን ማሽን ቢቆርጠው፣ በ47 በመቶው ስሌት 2,820 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። በሙሉ ደመወዙም ከእጅ ወደ አፍ ነበር የሚኖረው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የገበያው ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ ዘይት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ እንግዲህ የተሻለው በር ነው። አብዛኛው የወሎ ሰው ገበሬ ነው፣ ወይም የቀን ሠራተኛ፣ ወይም ጉልት ላይ የሚቸረችር። ጡረታ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ።

ለእሱ ያለው ሴፍቲኔት ነው፤ ለድሃ ቤተሰብ እህል ወይም ብር የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ማለት ነው። የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ድርቅ ደጋግሞ የሚመታቸው የሰሜንና የደቡብ ወሎ ወረዳዎች በሰፊው ተካተዋል። መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለውና ጧሪ የሌለው ሳይሠራ የሚያገኘው ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። አረጋውያን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውና አካል ጉዳተኞች እዚህ ይገባሉ። በፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ቀጥታ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ 12 ወር እንዲሆን ተደርጓል። የሚሠሩት የሚያገኙት ለ6 ወር ነው።

መጠኑስ? በዚያው ምዕራፍ የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ወይም የዚያ ግምት በብር ነው። 15 ኪሎ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ኪሎ ነው። ነፍስ ያቆያል፤ ይህን ማናናቅ አይገባም። ወሎ የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ያየ ሀገር ነው። ግን የወፍጮ፣ የጨው፣ የሳሙና፣ የቤት ኪራይ የሚባል የለበትም። በብር ሲከፈል ደግሞ ገበያው ቀድሞት ይሄዳል፣ ክፍያው የሚዘገይበት ጊዜም አለ።

ደሴ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። ቀጥታ ድጋፍ እዚያም አለ። ሆኖም ስሌቱ የቤተሰብ ቁጥርን ነው የሚያየው። የጉዳት ዓይነትን አያይም። ለእኔ ትልቁ ጉድለት እዚህ ጋ ነው። አካል ጉዳት ራሱ ወጪ አለው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ጤነኛ ሰው ከሰኞ ገበያ ፒያሳ በእግሩ ይወጣል፤ በክራንች የሚሄድ ሰው ግን ባጃጅ መያዝ ግድ ይሆንበታል። ዓይነ ስውር እናት ክፍያዋን ልትቀበል ስትሄድ መሪ ያስፈልጋታል። መሪዋ ብዙ ጊዜ የገዛ ልጇ ናት፣ ያን ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። የልጅቷን ቀን በየትኛውም የድጋፍ ቅጽ ላይ የሚመዘግበው የለም።

ሕክምናው ላይ ሁኔታው ትንሽ ይሻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ደቡብ ወሎ ውስጥ ተሁለደሬ ወረዳ ከመጀመሪያዎቹ ነበረች። የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩ መዋጮውን መንግሥት ይከፍላል። ሐኪም ጋ የሚያደርሰውን ትራንስፖርት ግን አይከፍልም። ሰው ሠራሽ እግርና ምርኩዝ ለሚፈልጉ ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አላት፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና ይታወቃል። ከላስታ ወይም ከወሎ ቦረና ለሚመጣ ሰው ግን የመንገዱ፣ የአልጋውና የአስታማሚው ወጪ ከሕክምናው ይብሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በየቤቱ ደግሞ አዲስ አካል ጉዳተኛ ጥሎ ሄዷል።

ታዲያ ሰው እንዴት ይኖራል? በዘመድና በጎረቤት ነው። እግሩን ያጣ ገበሬ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ በሬ ያለው ያርሰዋል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ድሮ ሙሉውን የሚያስገባ ሰው አሁን ግማሹን ያስገባል። ሌላ ቦታ ዕድር የሚባለው ወሎ ውስጥ ቅሬ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቆምበት ነው። አቅም ያጣን አባል ከመዋጮ ነፃ የሚያደርግ ቅሬ አለ። ዘካና ሰደቃ፣ የመንደር መዋጮ፣ አረብ ሀገር ያለች እህት የምትልከው ብር፣ ሁሉም ተደማምሮ ነው ወሩ የሚሞላው። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም የሚራዳውም ጎረቤት እየደኸየ ነው። እህቱ ሥራ ያጣች ቀን ወንድም ጾሙን ያድራል። የመንግሥት ድጋፍ ጥቅሙ በማንም ደግነት ላይ አለመንጠልጠሉ መሆን ነበረበት።

የምልመላው ነገርም አለ። ተጠቃሚ የሚለየው በየቀበሌው በሚቋቋም ኮሚቴ ነው። ከቤት የማይወጣ ሰው፣ በተለይ የአእምሮ ውስንነት ያለበት ልጅ፣ ኮሚቴው ፊት አይታይም። አንዳንድ ቤተሰብም አፍሮ ይደብቀዋል። ከተመረጡት ዝርዝር ላይ ስማቸው ያልተነበበ ሰዎች ቀበሌው ላይ ላለው የሴፍቲኔት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላሉ፤ ካልሆነም ወደ ወረዳ ይወጣል። ራሱ መሄድ ላልቻለ ሰው ቤተሰብ ወይም የቅሬው ዳኛ ጉዳዩን ቢይዝለት፣ የሐኪም ማስረጃም ካለ ቢያያዝ፣ በቃል ብቻ ከመናገር ይሻላል።